ኀዘን መቼ ደዌ ይሆናል?

ሰው ሥራውን ሲያጣ፥ ትዳሩ ሲፈርስ፥ ወይም ከስደት ባዶ እጁን ሲመለስ ማዘኑ የተፈጥሮ ግብር ነው እንጂ ደዌ አይባልም። ነገር ግን ኀዘኑ ከመጠን አልፎ ከሥራውና ከቤተ ሰቡ የለየው እንደ ሆነ፥ ሐኪሞች የመላመድ መታወክ የሚሉት ሕመም ሊሆን ይችላልና፥ በዚህ ወር ስለ ምልክቱ ልንጽፍ ወደድን።

በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረብያ ተባርረው ተመልሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ መመለሱ አልቆመም። ልጅቱ በገባች ሰሞን ዘመድ ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ከመኝታዋ መነሣት ትጠላለች፤ እንቅልፍ ግን የላትም። ያልተከፈላትን ደመወዝና ለጉዞው የተበደረችውን ገንዘብ ሌት ተቀን ታወጣለች ታወርዳለች። ጎረቤት ሲመጣ ወደ ጓዳ ትሸሻለች። እናት «ዐረብ አገር አስንፎ ላከልኝ» ትላለች፤ አክስት «ዓይነ ጥላ ነው» ትላለች፤ አባት ዝም ይላል። ልጅቱን የጠየቃት ግን የለም።

ሐኪሙ ይህን ሕመም የሚለየው በመጠየቅ ነው፤ በደም ምርመራ አይገኝም። ምን ደረሰብሽ? መቼ ጀመረሽ? ከምን ሥራ ከለከለሽ? የዓለም ጤና ድርጅት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው መዝገብ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ መከራው በደረሰ በ1 ወር ውስጥ ይታያል፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እስከ 3 ወር ይፈቅዳል። መከራውና መዘዙ ካለፈም በኋላ እንደ ልማዱ ከ6 ወር አይበልጥም። ዕዳው ካልተከፈለ ግን መዘዙ አላለፈምና ቀኑ መቈጠር አልጀመረም! የደረሰባት ግፍ በሕልም የሚያባንናት፥ በቀንም በዓይኗ የሚመላለስባት ከሆነ፥ ሌላ ስም ያለው ብርቱ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይህን መለየት የሐኪም ፈንታ ነው።

ስሙ ቀላል ቢመስልም በዚህ ሕመም ሳሉ ራሳቸውን የሚያጠፉ አሉ። ስለዚህ «ብሞት ይሻለኛል» ያለችውን ልጅ «አፍሽን ያዢ» ማለት አይገባም፤ ብቻዋን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል ወይ ብሎ በግልጥ መጠየቅም ያልነበረ አሳብ አያስገባባትም።

ጸበል መሄዷን አንነቅፍም፤ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ስለ ጸበል ብሎ ማስጣልን ግን አጥብቀን እንነቅፋለን። ብዙዎች ግን ያለ መድኃኒት፥ ከሠለጠነ አማካሪ ጋር በመነጋገር ይድናሉ። ቤተ ሰብም ዕዳውን አብሯት ተቀምጦ ቢቈጥር፥ እንዴት እንደሚከፈልም ቢመክር ሸክሟ ይቀላል። ለእናቷ መናገር ካፈረች ታላቅ እኅቷ ትጠይቃት።