ጎማው ይመርመር፤ ዳኝነቱም ይመርመር

የአማተር ካርት (የትንንሽ እሽቅድምድም መኪናዎች) ውድድር ባለቀ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ያየ ሰው ትልቅ ገንዘብ የተወራረዱበት ሊመስለው ይችላል። አሸናፊው የሚወስደው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ትንሽ ዋንጫ ነው። አባት ከአባት፣ መካኒክ ከመካኒክ፣ ሹፌር ከዳኛ የሚጣሉት በጎማ ነው። «የእሱ ጎማ ኬሚካል ጠጥቷል» ይላል አንዱ። «መርማሪው አይቶ አልፎታል» ይላል ሌላው። «ለምን የእኔን ብቻ?» ይላል ሦስተኛው። በምኖርበት በአሜሪካ ይህን ስፖርት ለዓመታት ስከታተል ከቆየሁ በኋላ አንድ ነገር አምኛለሁ፤ ይህን ስፖርት ከአጭበርባሪው እኩል የሚያቆስለው አጭበርባሪውን ለመያዝ ተብሎ የሚሰጠው ግብታዊ ፍርድ ነው።

ለምን ጎማ? ካርት እ.ኤ.አ. በ1956 በካሊፎርኒያ አርት ኢንግልስ የተባለ የእሽቅድምድም መኪና ሠራተኛ የሣር ማጨጃ ሞተር በብረት ቱቦ ሻሲ ላይ ገጥሞ የጀመረው ነገር ነው። ዛሬም ቢሆን አሠራሩ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ባሌስትራ የለውም፣ አሞርዛተር የለውም፣ ዲፈረንሻልም የለውም። የኋላ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ድፍን አክስል ላይ አብረው ይዞራሉ። መሪውን ሲጠመዝዙት ሻሲው ራሱ ይተጣጠፍና በኩርባው ውስጠኛ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ከፍ ይላል። ስለዚህ በሹፌሩና በመሬቱ መካከል ያለው ነገር ሁሉ ጎማው ነው። ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት ክብደት ይዘው ቢሰለፉ፣ ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ የያዘለት ልጅ ከኩርባው ቀድሞ ይወጣል።

ማጭበርበሩም የሚመጣው ከዚህ ነው። ቶሉይንን፣ ዛይሊንንና የመሳሰሉትን ማሟሚያዎች ከዘይትነት ካላቸው ማለስለሻዎች ጋር ቀላቅለው ጎማው ላይ ይቀቡታል፤ በማዞሪያ መሣሪያ ላይ ሰቅለው ሌሊቱን እየዞረ እንዲጠጣ ያደርጉታል፤ በውስጥ በኩል የሚያፈሱበትም አለ። ማሟሚያው ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ማለስለሻው በላስቲኩ ሰንሰለቶች መካከል ሰርጎ ይገባል፣ ከዚያ ማሟሚያው ይተናል። የቀረው ጎማ ከፋብሪካ ከወጣው የለሰለሰና የሚጣበቅ ነው። በአሜሪካ ሞላላ የአፈር ትራኮች ላይ ይህን በግልጽ የሚፈቅዱ ክለቦች አሉ፤ እዚያ ጎማ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ የሚሠራውንም አጭበርባሪ አልለውም። ሕጉ «ጎማ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሁን» በሚልባቸው ክለቦች ግን ይህ ሌብነት ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ቶሉይን ማለት በብዙ ማስቲሽና ቲነር ውስጥ ያለው ኬሚካል ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆችን ያየ ሰው ትነቱ አእምሮ ላይ ምን እንደሚሠራ ማስረጃ አያሻውም። የ10 ዓመት ልጅ በሚወዳደርበት ስፖርት፣ አባትና ልጅ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አብረው ጎማ የሚቀቡበት ልማድ የውድድር ጥያቄ ብቻ አይደለም። እገዳውን የምደግፈው በመጀመሪያ በዚህ ምክንያት ነው።

እገዳ ግን ምርመራ ይፈልጋል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ክለቦች በብዛት የሚይዙት መሣሪያ ዱሮሜትር ነው። ትንሽ መርፌውን ጎማው ላይ ሲጫኑት ጥንካሬውን በቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ጎማው ለስላሳ ነው ማለት ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ነገር ግን ከትራክ ትኩስ ሆኖ የወጣ ጎማ ለስላሳ ሆኖ ይነበባል፤ ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አጥብቆ የሚጫንና በቀስታ የሚጫን ሰው አንድ ጎማ ላይ ሁለት የተለያየ ቁጥር ያገኛሉ። ጎማው ስንት ጊዜ ሞቆ እንደቀዘቀዘና ምን ያህል እንደተበላም ውጤቱን ይለውጠዋል። ዱሮሜትር ጎማው ለስላሳ መሆኑን ይነግረናል፤ ለምን እንደለሰለሰ አይነግረንም።

ሁለተኛው መሣሪያ ክለቦች «አሽታች» የሚሉት ነው። ከጎማው የሚወጣውን ትነት ስቦ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይመታውና በአየሩ ውስጥ ያለውን የተናኝ ኬሚካል መጠን ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደሆነ ያሳያል። በዓለም አቀፉ የካርት ሕግ ለዓመታት የሠራው ወሰን ከሚሊዮን 5 እጅ ነው። መሣሪያው ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን የኬሚካሉን ስም አያውቅም። ማለስለሻ ይሁን፣ ቤንዚን ይሁን፣ የፍሬን ማጽጃ ይሁን፣ ለእሱ ሁሉም ትነት ነው። የአየሩ እርጥበት ያዛባዋል፤ በታወቀ ጋዝ እየተስተካከለ ካልቆየም የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም። ዓለም አቀፉ ሕግ ራሱ የሰንሰለት ቅባት ጎማውን ነክቶ ንባቡን ከወሰኑ ሊያሳልፍ እንደሚችል ጠቅሶ ሹፌሮች እንዲጠነቀቁ ያሳስባል። ሕግ አውጪው እንኳ መሣሪያው ንጹሑን ሊከስ እንደሚችል አውቆ ነው የጻፈው።

ሦስተኛው መንገድ ላቦራቶሪ ነው። ከጎማው ላይ ቁራጭ ይቆረጣል፣ ፋብሪካው ከሰጠው ንጹሕ ናሙና ጋር ይነጻጸራል፣ ባዕድ ኬሚካል ካለ ይለያል። ከሦስቱ የሚሻለው ይህ ነው። ይሁንና ገንዘብ ይጠይቃል፣ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል፤ ዋንጫው ተሰጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ከገባ በኋላ ውጤት ይገለበጣል። ከአንዱ የምርት ዙር ወደ ሌላው የጎማው ቅመም ትንሽ ሲለዋወጥ ደግሞ «ንጹሕ» የተባለው መነጻጸሪያ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

በአንድ ክለብ ያየሁትን ላንሳ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ አሸነፈ፤ አሽታቹ ጮኸበት፤ ውጤቱ እዚያው ተሰረዘ። አባትየው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እባካችሁ ገና ካልተከፈተው የሻጩ ካርቶን አንድ ጎማ አውጥታችሁ በዚሁ መሣሪያ ለኩልኝ።» እምቢ አሉት። ሁለተኛ ልኬት አልተደረገም፣ ቁጥሩ በወረቀት አልተሰጠውም፣ መሣሪያው መቼ እንደተስተካከለ አልተነገረውም። ልጁ ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ፣ ከእንዲህ ዓይነት አሠራር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በጓደኞቹ አፍ አጭበርባሪ ሆነ።

አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይሉ ነበር። ይህን ተረት በካርት ሜዳ ላይ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ሰው ትልቁን ነገር በአግባቡ ተሰምቶ ቢያጣው ይችለዋል፤ ትንሿን ዋንጫ ሳይሰሙት ሲነጥቁት ግን አይችለውም። «አማተር ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ?» የሚሉ ሰዎች የማይገባቸው ይህ ነው።

ሌላውም ወገን ይሰማ። ሕጉን አክብሮ፣ ጎማውን እንደገዛው አስሮ፣ በሌላ ሰው ኬሚካል የተሸነፈ ልጅም አለ። እሱ ሲበደል የሚጮህ መሣሪያ የለም። ምርመራ ይቅር ብንል የምንፈርደው በዚህ ልጅ ላይ ነው። ስፖርቱን የሚለቁትም አብዛኛውን ጊዜ እንደ እሱ ያሉት ናቸው፤ በየሳምንቱ አምስተኛ እየወጡ ገንዘብና እሁድን ከመገበር ሌላ ነገር ይመርጣሉ። ስለዚህ ክርክሬ ምርመራው ይላላ ከሚሉት ጋር አይደለም። የምጠይቀው ተከሳሹም ከሳሹም ሊያምኑት የሚችሉት ምርመራ ነው።

በዓይን የሚታይ ጥፋት ላይ ዳኝነት ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በጣሊያን ሎናቶ ከተማ በዓለም ካርት ሻምፒዮና ላይ ሉካ ኮርቤሪ የካርቱን መከላከያ በሚያልፍ ተፎካካሪው ላይ ወረወረ። ካሜራ ቀረጸው፣ ዓለም አየው፣ የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ፍርድ ቤትም 15 ዓመት አገደው። ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም ብሎ የተከራከረ የለም። የጎማ ኬሚካል ግን አይታይም። ጥፋቱ በማይታይበት ቦታ ፍርዱን የሚያስከብረው ሥርዓቱ ነው፤ ሥርዓት ከሌለ የሚቀረው የዳኛው ቃል ብቻ ነው።

እኛ አትሌቲክስ ወዳዶች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። በዶፒንግ ምርመራ የአትሌቱ ናሙና ለሁለት ይከፈላል፤ ኤ እና ቢ ተብሎ ይታሸጋል። ዕቃውን የሚመርጠው አትሌቱ ነው፣ ሲታሸግ ያያል፣ ይፈርማል። ኤ ናሙናው ቢከሰው ቢ ናሙናው እንዲከፈት የመጠየቅ መብት አለው። ይህ ሁሉ የተደረገው አጥፊ እንዲያመልጥ አይደለም፤ የተቀጣው ሰው በትክክል መቀጣቱን ሌላው ሁሉ እንዲያምን ነው። ሁለት የጎማ ቁራጭ በሁለት ፖስታ አሽጎ ሹፌሩን ማስፈረም ለማንኛውም የመንደር ክለብ ከአቅም በላይ አይደለም።

ደንቡ ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ ይውጣ፤ የትኛው መሣሪያ፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ፣ ጎማው ምን ያህል ሲቀዘቅዝ፣ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ሁሉም ይወቀው። በየውድድሩ አንድ ያልተከፈተ ጎማ ለመነጻጸሪያ ይቀመጥና በዚያው ሰዓት በዚያው መሣሪያ ይለካ። አሽታቹና ዱሮሜትሩ ለጥርጣሬ ይዋሉ እንጂ ለፍርድ አይዋሉ፤ ውጤት የሚሰርዘው የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ይሁን። ተራ ሹፌር አቤት ሲል ማስያዣ የሚከፍል ከሆነ፣ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ገንዘቡ ይመለስለት።

ከዚህም የሚሻል መንገድ አለ፤ ፈተናውን ማጥፋት። በትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ጎማዎች በመለያ ቁጥር ተመዝግበው በአዘጋጁ እጅ ይቆያሉ፤ ሹፌሮች የሚያስሩት በተዘጋ ክልል ውስጥ፣ በዳኛ ዓይን ሥር ነው። በሞተር በኩልም ብሪግስ ኩባንያ ለአማተሮች የሚሸጠው ኤልኦ206 ሞተር ከፋብሪካ ታሽጎ ነው የሚወጣው። ማኅተሙ ከተነካ ወዲያው ይታወቃል። ጎማውን አዘጋጁ ጠዋት በዕጣ ቢያከፋፍል፣ ማታ ቢሰበስብ፣ ሌሊቱን ጋራዥ ውስጥ የሚቀባው ሰው ምን ይቀባል? የማከማቻ ቦታና ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ በየሳምንቱ ከሚፈርስ ወዳጅነት ግን ይረክሳል።

የመጨረሻው ነገር እኩልነት ነው። በአንዳንድ ትራኮች ጎማውን የሚሸጠውም፣ ሞተሩን የሚያድሰውም፣ የቴክኒክ ምርመራውን የሚያደርገውም አንድ ሰው ነው። ለደንበኛው በጠዋት ሸጦለት ማታ የሚፈርድበት ሰው ቅን ቢሆን እንኳ ቅንነቱን የሚያምንለት አያገኝም። ሻጭ ዳኛ አይሁን። ማን እንደሚመረመርም ዕጣ ይወስን። የክለቡ የብዙ ዓመት አሸናፊ በእጅ ሰላምታ አልፎ አዲስ መጤ የሚገላበጥበት ሜዳ ሕግ አለው አይባልም።

ክለብ የምትመሩ ሰዎች ሆይ፣ ሥራችሁን በነጻ፣ በዕረፍት ቀናችሁ እንደምትሠሩ አውቃለሁ፤ አከብራችኋለሁም። የምለምናችሁ ከሚቀጥለው የውድድር ዘመን በፊት ሦስት ነገር እንድታደርጉ ነው። ደንቡን ጻፉት፤ ናሙናውን ለሁለት ክፈሉት፤ ብትችሉ ጎማውን ራሳችሁ ያዙት። ይህን ማድረግ የማይችል ክለብ ቢያንስ በአንድ መሣሪያ ጩኸት የልጅ ስም አያጥፋ።