ከእናት ሳጥን የወጣው ጠገራ ብር



ከዋጃ፣ ከቆቦ ወይም ከሌላው የራያ ቆላ ወደ ከተማ መጥታችሁ የምትኖሩና የምትሠሩ እናቶች፣ ከአያቶቻችሁ የወረሳችሁት ድሪ በሳጥናችሁ ውስጥ ይኖር ይሆናል። በድሪው ላይ ጆሮ ተበጅቶላቸው የተንጠለጠሉ ጠገራ ብሮችም አይታጡም። የልጆች የትምህርት ክፍያ ሲደርስ፣ ሕመም ሲመጣ ወይም የቤት ኪራይ ሲጨምር በመጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው በዚሁ ጌጥ ላይ ነው። ችግር ሲጠና መሸጥ አያስነውርም። አያቶቻችንም ብሩን በአንገታቸው ያኖሩት ለውበት ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀንም ብለው ነው። የሚያስቆጨው የያዙትን ሳያውቁ መሸጥ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ስለ አሮጌ መሐለቅ ጥቂት እንነጋገራለን።

በውጭ አገር የጥንት የሮም መሐለቆችን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ዓመቱ ሲያልቅ በዓመቱ ውስጥ ያገኟቸውን በጠረጴዛ ላይ ደርድረው ይበልጥ የሚወዷቸውን ይመርጣሉ። በምርጫቸው ወርቁ ሁልጊዜ ብሩንና ነሐሱን አይበልጥም። የንጉሡ መልክ ያልጠፋ፣ ጽሑፉ የሚነበብ፣ ከየት እንደመጣና በማን እጅ እንደቆየ የሚታወቅ መሐለቅ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠዋል። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ ወደ ሳጥናችን ስንመለስ ይጠቅመናል።

የሮም ገንዘብ ለእኛ አካባቢም እንግዳ አልነበረም። በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የተጻፈ አንድ የግሪክኛ መጽሐፍ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል በዚያ ለሚቀመጡ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት የሮም ገንዘብ ይጠቅሳል። ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በምትገኘው በመጠራ በተደረገ ቁፋሮም በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ ከወርቅ ሰንሰለቶችና ከመስቀሎች ጋር 14 የሮም የወርቅ መሐለቆች ተገኝተዋል። መሐለቆቹ ማንጠልጠያ ተሠርቶላቸው የአንገት ጌጥ ሆነው ነበር። ገንዘብን ጌጥ አድርጎ በአንገት ማሰር ምን ያህል የቆየ ልማድ እንደሆነ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

አክሱምም የራሷን ገንዘብ መታለች። በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ የወርቅና የብር መሐለቅ አሠራ፤ የወርቁ የክብደት ልክም ከሮም ወርቅ ጋር የተዛመደ ነበር። በንጉሡ ምስል ግራና ቀኝ የእህል ዘለላ ይታያል። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በመሐለቁ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተተካበት። ከዚያ በኋላ በወጡ አንዳንድ የነሐስ መሐለቆች ላይ ደግሞ «ይህ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክኛ ጽሑፍ ይገኛል።

አሁን ወደ ጠገራ ብሩ እንምጣ። በብሩ ላይ የምትታየው ሴት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ይኸንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ 1780 የሚል ቁጥር ስላያችሁ ብቻ ብሩ ያን ያህል ዕድሜ አለው ማለት አይደለም። በቪየና ብቻ ሳይሆን በፓሪስ፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር ተመትቷል። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ያስመታ ጀመር። በመሆኑም በአያታችሁ ድሪ ላይ ካሉት ብሮች አንዱ ከሮም የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የመጣውም በወራሪ ጦር ስንቅ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው ምስል ያሠሩት ብር በፓሪስ ተመትቶ 1887 የሚል ዓመተ ምሕረት ይዟል። ሆኖም ገበያው የለመደው የንግሥቲቱን ብር ስለነበረ ሙሉ በሙሉ ሊተካው አልቻለም። ነጋዴውም ገበሬውም በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጥሮ፣ ፊቷ ያልተፋቀ መሆኑን አይቶ ይቀበል ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ጠገራ ብር ሕጋዊ መገበያያነቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ብዙው በአንጥረኛ እሳት ቀልጦ መስቀል፣ አምባርና አልቦ ሆነ።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ በቤታችሁ ያለውን ብር ከመሸጣችሁ ወይም ከማስቀለጣችሁ በፊት የሚከተሉትን አድርጉ።

በመጀመሪያ አስመዝኑት። አንድ ያልተበላሸ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23 ግራም ተኩል ገደማ ነው። 10 ብሮች ያሉት ድሪ ቢኖራችሁ ከክሩና ከዶቃው ሌላ ንጹሕ ብሩ ብቻ 234 ግራም ያህል ይሆናል ማለት ነው። የዕለቱን የብር ዋጋ ሳትጠይቁ «አሮጌ ነው» ለሚል ገዢ አትስጡ።

ሁለተኛ፣ ዙሪያውን ተመልከቱ። በጠርዙ ላይ ከፍ ብለው የተቀረጹ ፊደላት አሉ። ፊደላቱ ከሌሉ ወይም ክብደቱ በጣም ከጎደለ ተፍቋል ወይም አስመስለው የሠሩት ነው።

ሦስተኛ፣ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት። ጥቁረቱ ብሩን አይጎዳውም፤ ፍትጊያው ግን ምስሉን ያጠፋል። በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

አራተኛ፣ ታሪኩን ጻፉ። ይህ ብር የእናታችሁ ጥሎሽ ነበር? አባታችሁ ማሽላ ሸጠው ያመጡት ነው? ወይስ የአራስ ጥሪት? ይህን የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቁና በወረቀት አስፍራችሁ ከጌጡ ጋር አኑሩ። ሰብሳቢዎቹ ከፍ አድርገው የሚያዩት «ከየትና ከማን» የሚለው ነገር ይህ ነው፤ ለልጆቻችሁም ከሰብሳቢዎቹ ይልቅ ይጠቅማል።

በእርሻ ወይም በቤት መሠረት ቁፋሮ የተገኘ የጥንት መሐለቅ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳያበላሽ ጠብቆ ወዲያውኑ ማስታወቅ ይገባዋል፤ ያስረከበም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው አዋጁ ይደነግጋል። የተገኘበትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ፣ አፈሩን ሳታጥቡ፣ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ከመሬት የወጣ መሐለቅ በድብቅ ሲሸጥ የተገኘበት ቦታ ይረሳል፤ ቦታው ከተረሳ ስለዚያ አገር ሰዎች ሊነግረን የሚችለው ነገር አብሮ ይጠፋል።

ችግር ጠንቶባችሁ መሸጥ ግድ ከሆነም ሁሉንም በአንድ ቀን አታውጡ። ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ብሮቹን እንደ ሰብሳቢዎቹ በሰፌድ ላይ ደርድሩና ምረጡ። ታሪኩን የምታውቁትን አንዱን ለሴት ልጃችሁ አስቀሩላት፤ በሌሎቹ የትምህርት ክፍያዋን ክፈሉላት። እንዲህ ከሆነ ልጅቱ ትምህርቷን ስትጨርስ የሴት አያቷን ብር በእጇ ይዛ፣ ከየት እንደመጣም ለልጆቿ ትነግራለች።