ኤሲ አየር አያስገባም

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ ከውጭ ቅንጣት አየር አያስገባም። ክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ይስባል፣ በቀዘቀዘ የመዳብ ቱቦ ላይ ያሳልፈዋል፣ ያንኑ አየር መልሶ ይተፋዋል። ውጭ የሚቀመጠው ሳጥን አየር የሚስብ ይመስላል እንጂ ሥራው ሌላ ነው፤ ኮምፕረሰሩን ተሸክሞ ከክፍሉ የወጣውን ሙቀት ወደ መንገድ ያራግፋል። በሁለቱ መካከል በቀጭኑ ቱቦ የሚመላለሰው የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። ይህን መሣሪያውን የሚገጥመው ቴክኒሻን ሁሉ ያውቃል። ሆኖም ከወልድያ እስከ መርሳ ፎቅ የሚያከራይ ሰው ስለማይከፈተው መስኮት ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፦ «ኤሲ አለውኮ፣ መስኮት ምን ያደርግልሃል?»

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። 6 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ የስብሰባ ክፍል 90,000 ሊትር አየር ይይዛል። 30 ሰው ገብቶ በርና መስኮት ጥርቅም ብሎ ሲዘጋ በየሰዓቱ 540 ሊትር ይጨመርበታል። ውጭ ካለው አየር ከሚሊዮን እጅ 420 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በዚያ ክፍል ግን ልኩ በ6 ደቂቃ ከ1,000 ያልፋል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ወደ 6,400 ይደርሳል። በብዙ አገር 1,000 ሲደርስ ክፍሉ አየር አጥሮታል ይባላል። ኤሲው ይህን ሁሉ ጊዜ 20 ዲግሪ ላይ ሆኖ በትጋት እየሠራ ነው። ተሰብሳቢው የሚያንቀላፋው በሪፖርቱ ርዝመት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ሰብሳቢው ግን ጥፋቱን ለተሰብሳቢው ቸልተኝነት ሰጥቶ ቡና ያዛል። የሚያስከፋው ደግሞ የቀዘቀዘ ትንፋሽ ንጹሕ አየር መምሰሉ ነው። ክፍሉ ቢሞቅ ኖሮ አንዱ ተነሥቶ መስኮት ይከፍት ነበር።

ኤሲውን መጀመሪያ የግድ ያደረገው ማን ሆነና? መስታወቱ ነው። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወልድያ ከእሷ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለች። የከፍታው ልዩነት ብቻ በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ይለያያቸዋል። የመርሳ ቀን ይሞቃል፣ የወልድያ ሌሊት ይበርዳል። የፎቁ መስታወት ግን ሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ሰማያዊ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። ከደሴ ወደ መቀሌ የሚያልፈው መንገድ በአመዛኙ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄድ በመሆኑ ግራና ቀኙን የሚሠራው ፎቅ ፊቱን የሚሰጠው ለምሥራቅ ወይም ለምዕራብ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከፍ ስለምትል አጭር በረንዳ ይመልሳታል፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ግን ዝቅ ብላ በቀጥታ በዚያ መስታወት ትገባለች። መስታወት ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ብርሃኑ ውስጥ ገብቶ ሙቀት ሲሆን ግን አይለቀውም። ባለቤቱ ምድጃ ሠርቶ ምድጃው ውስጥ ማቀዝቀዣ ሰቅሏል፤ የሁለቱም ዋጋ ኪራዩ ውስጥ አለ። መብራት የጠፋ ቀን ምድጃው ብቻውን ይቀራል።

አከራዩን የሚያግዘው «ብርድ ይመታሃል» የሚለው የቆየ ፍርሃት ነው። ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወርድ ሚኒባስ አንዱ መስኮት ገርበብ ቢያደርግ ከኋላ «ኧረ ዝጋው ወንድሜ!» ይባላል፤ ይህን የሚለውም ብዙ ጊዜ የሚያስለው ሰው ነው። የሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው ከሚያስል ሰው ወጥቶ አየር ላይ በሚንሳፈፍ ጀርም ነው። ነፋስ ጀርሙን ይበትነዋል፣ የታፈነ ክፍል ያከማቸዋል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች ተጠንቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መስኮትና በር ሲከፈት የክፍል አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል እንደሚቀየር አሳይቷል፤ በማሽን አየር የሚገባላቸው ክፍሎች 12 ላይ ቀርተዋል። ከ1950 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ መስኮታቸው ሰፋ ያለው ክፍሎች ደግሞ አዲሶቹን በልጠዋል። ያ ሁሉ የተገኘው ያለ አንድ የመብራት ቆጣሪ ነው።

የዝግ ክፍል ፍቅር ወልድያ ላይ በክረምት ማታ ሌላ መልክ አለው። የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ ይወሸቃል። ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር ተጣብቆ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ሰውየውም እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ይሞታል። የሳር ጣሪያ ያለው ጎጆ ቢያንስ ጭሱን በክዳኑ መሐል ያሾልክ ነበር፤ ቆርቆሮና ኮርኒስ አያሾልክም።

የሚያስፈልገው ነገር ርካሽ በመሆኑ ይመስላል የሚናቀው፦ ትይዩ ሆነው የሚከፈቱ ሁለት መስኮቶች፣ በምዕራብ በኩል ከመስታወት ይልቅ ግድግዳ፣ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣም ከበሩ በላይ ጣሪያው ሥር የምትቀር ትንሽ ክፍተት። ኮርኒስ ሲመታ መጀመሪያ የምትደፈነው እሷ ናት።