የተገዛ ቡድንና የተመደበ ቡድን

ሰሞኑን ከጅጅጋ ወደ ቀብሪበያ ብቅ ብዬ ነበር። በዚያች ከተማ የስፖርት መምህር ሆኖ ልጆችን የሚያሠለጥን የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ሻይ ይዘን ስንጨዋወት፣ በስልኩ የሚከታተለውን የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር አነሣና፣ «መምህር፣ አምና የወደድኩት ቡድን ዘንድሮ ስሙና መለያው ብቻ ቀርቷል፤ ልጆቹ ተበትነዋል። እርስዎ ይህን ምን ይሉታል?» አለኝ። ያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠሁትም፤ እነሆ ዛሬ ልሞክር። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ቀድሞ ኮሌጁን የለወጠ ተጫዋች፣ እንደ ደንቡ፣ አንድ ዓመት ሳይሰለፍ መቀመጥ ነበረበት። በ2021 ይህ ግዴታ ለመጀመሪያ ዝውውር ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ ኮሌጆቹ ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ጀመሩ። ለዘመናት ሌላው በላባቸው ሲከብር የኖሩ ወጣቶች ድርሻቸውን ማግኘታቸውን አልነቅፍም፤ ፍትሕ ነው። ነገር ግን አሠልጣኙ በየጸደዩ ገበያ ወጪ ሆኗል።

ቡድን ግን በገበያ ብቻ አይሠራም። ቨርጂኒያ በ2018 በደረጃ የመጨረሻ ከነበረ ቡድን ጋር ተጋጥሞ 74 ለ54 ተረታ። በወንዶቹ ውድድር አንደኛ ደረጃ ይዞ የገባ ቡድን እንዲህ ሲዋረድ የመጀመሪያው ነበር። አሠልጣኙ ቶኒ ቤኔት የቡድኑን አስኳል ይዞ ተመለሰና በ2019 ዋንጫውን አነሣ። ያው ሰው በጥቅምት 2024፣ ለአዲሱ ሥርዓት የምመጥን አይደለሁም ብሎ በፈቃዱ ለቀቀ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

እኛስ? የእኛ የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ መልማይ ሳይሆን ተቀባይ ነው። ተማሪውን በአብዛኛው የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ በምደባው ፈተናው ይታያል፣ ኳሱ አይታይም። ሆኖም አሜሪካኖቹ ያጡት ሀብት በእጃችን አለ፤ የተመደበ ልጅ ለዓመታት አብሮን ይቆያል። ምን እናደርግበታለን? እኔ በቅርብ የማውቀው ቡድን ውድድር ሲቃረብ ይጠራል፣ ውድድሩ ሲያልቅ ይበተናል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ሳይገዛም ሳይሸጥም የሚፈርስ ቡድን!

ጉዳዩ ከኳስ ያልፋል። በ2023 የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም ይከተላሉ። ተማሪን መርጦ የመቀበል በር ተከፈተ ማለት ነው። ያለ ጥንቃቄ ከተገባበት፣ ባለ ጠጋውና ማእከል ያለው ዩኒቨርሲቲ ጎበዙን ሁሉ ይጠቀልላል፤ በ2007 የተመሠረተው የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲና መሰሎቹ የተረፈውን ይለቅማሉ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ተሰጥኦ ላላቸው ወጣቶች ጥቂት ቦታ ይመድብ፤ የመግቢያ ውጤቱን ያሟሉ ይሁኑ፤ ከአካባቢው ልጆች ይጀምር፤ ድጋፉም በውድድር ሰሞን ሳይሆን እስከ ምረቃ ይዝለቅ። አሠልጣኙም በሽልማት ብዛት ብቻ ሳይሆን አስመርቆ በሸኛቸው ተጫዋቾች ይመዘን።

ልሰናበት ስል ተማሪዬ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ አሳየኝ። ኳሷ ከእጁ አትወጣም። «ይህ የት ይመደብ ይሆን?» አለኝ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም፤ መልሱን መስጠት የሚገባቸው ሰዎች ይህን ያነቡ ይሆናል።

ቸር ያሰንብተን።