ዲፎልት የቆረጠው ሰዓት

ቁጥሩ በየሰከንዱ የሚቀያየር ዳሽቦርድ ግድግዳ ላይ መስቀል የዘመናዊነት ምስክር ወረቀት ሆኗል። ቁጥሩ ከየት ተቆርጦ እንደመጣ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ማለቂያ የሌለው የዳታ ፍሰት እንዲቆጠር በጊዜ መከፋፈል አለበት፤ ዊንዶው የሚባለውም ይኸው ነው። የት ይቆረጥ የሚለውን አለቃው ለኢንጂነሩ፣ ኢንጂነሩ ደግሞ ለዲፎልቱ፣ ማለትም ሲስተሙ ይዞት ለሚመጣው ቅንብር ይተወዋል።

አንድ ካርድ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ገንዘብ ከወጣበት ማንቂያ ይደወል ተብሏል እንበል። ሌባው ከ4:03 እስከ 4:07 ስድስት ጊዜ አወጣ፤ ሦስቱን ከ4:05 በፊት፣ ሦስቱን በኋላ። ጊዜውን ሳያደራርብ በየአምስት ደቂቃው የሚከፍለው ተምብሊንግ ዊንዶው 4:05 ላይ ስለሚቆርጥ የሚያየው ሦስትና ሦስት ነው። ማንቂያው ጭጭ! በየደቂቃው የሚንሸራተት ዊንዶው ይይዘው ነበር። እርግጥ እያንዳንዱ ግብይት አምስት ዊንዶው ውስጥ ስለሚገባ ሜሞሪ ይበላል። ወጪውን ሸሽቶ «ሲስተሙ ይቆጣጠራል» ማለት ግን ደንበኛን ማታለል ነው።

የባሰው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። 4:58 ላይ የተፈጸመ ክፍያ ኔትወርክ ተቋርጦ 5:07 ላይ ሰርቨር ቢደርስ የየትኛው ሰዓት ሽያጭ ነው? የጎግል ኢንጂነሮች በ2015 ባሳተሙት የዳታፍሎው ሞዴል ድርጊቱ የተፈጸመበትን ሰዓትና ሲስተሙ ያየበትን ሰዓት ለይተው አስቀምጠዋል። ዛሬም በደረሰበት ሰዓት የሚቆጥር ሞልቷል፤ ይቀላላ!

በተፈጸመበት ሰዓት የሚቆጥሩትም ቢሆኑ አይተኙ። «እስከዚህ ሰዓት ያለው ደርሷል» የሚለው ዋተርማርክ አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው። የዳታ ፍሰት ማቀነባበሪያ በሆነው አፓቼ ፍሊንክ ውስጥ ለዘገየ ዳታ የሚሰጠው የመጠበቂያ ጊዜ ካልተቀየረ ዜሮ ነው፤ ዊንዶው ከተዘጋ በኋላ የመጣው ይጣላል፣ ሥራውም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። የዘገየውን ለብቻ ማስቀመጫ መንገድ አለ፤ ካልተጠቀሙበት ምን ዋጋ አለው? «ጥቂት ናቸው» የሚለውን መልስ አልቀበልም። የሚዘገዩት እኮ በዕጣ የወጡ አይደሉም፤ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት አካባቢ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሪፖርቱ እነሱን እየጣለ ከተማውን ያጎላል፣ ቀጣዩ በጀትም ሪፖርቱን ይከተላል።

የቀን ዊንዶውም እንዲሁ ነው። ፍሊንክ ቅንብሩ ካልተቀየረ ቀኑን የሚቆርጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ዜሮ ላይ፣ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ነው። ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በሚዘጋበት ድርጅት ከ6 እስከ 9 የተላከ ገንዘብ ሁሉ ወደ ትናንት ይገባል። የሚያስተካክለው ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚጎትት አንድ የኮድ መስመር ነው። የሂሳብ ክፍሉን «ቀናችሁ መቼ ነው የሚዘጋው?» ብሎ የጠየቀ ኢንጂነር ስንት ነው?