ቀን ማውጣትና ማስተዋል

በማሻና በመካነ ሰላም አካባቢ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ፋሲካ መቼ እንደሚውል በጣቱ ቆጥሮ ያወጣል። የ2018 ዓ.ም. ስሌት እነሆ፦ 5500ና 2018 ተደምሮ 7518 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲነሣ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። መጥቅዑ 18 ይሆናል። ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ዝንፍ አይልም። ጨረቃን በምድር ዙሪያ ምን እንደያዛት ግን ቀመሩ አንዲት ቃል አይናገርም፤ እናገራለሁም ብሎ አያውቅም።

ዛሬ በፊዚክስ ዙሪያ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚወራው በመተንበይና በማስተዋል መካከል ያለውን ይህን ልዩነት አጥፍቶታል። ማሽኑ በትክክል ከተነበየ የተፈጥሮን ሕግ እንዳገኘ ይቆጠርለታል። ስሙም አሳስቶናል። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ስንል ሳንፈትነው ማዕረግ ሰጠነው፤ በእኛ ቋንቋ አስተዋይ የሚባለው የነገሩን ሥር ያየ ሰው ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2025 የሃርቫርድና የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች ጉዳዩን ፈተኑት። በኮምፒውተር በተቀመሩ የፕላኔቶች ምህዋሮች አንድ ሞዴል አሠለጠኑ። ሞዴሉ ፕላኔቷ ቀጥሎ የምትገኝበትን ቦታ አሳምሮ ተነበየ። የሚስባትን ኃይል አውጣ ሲባል ግን የኒውተን ሕግ ጠፋበት፤ የሰጠው ቀመር ትርጉም የለሽ ነበር፣ ናሙናው ሲቀየርም አብሮ ተቀየረ።

የአጣርድን ነገር አስቡት። ምህዋሯ ከኒውተን ስሌት በ100 ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ ያህል ይዛነፋል፤ ከኢምንት የሚቆጠር ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ሌቨሪየር እ.ኤ.አ. በ1859 ልዩነቱን ይፋ አድርጎ ያልታየች ፕላኔት አለች ብሎ ጠረጠረ። ተፈለገች፣ የለችም። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 የስበትን ትርጉም ከሥሩ ሲለውጠው ያቺ ትርፍራፊ ቁጥር ልክ ገባች። መረጃን ለመግጠም ብቻ የተሠራ ማሽን አንድ ተጨማሪ መለኪያ ጨምሮ ይውጣታል፣ ጥያቄውም አብሮ ይቀበራል።

ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ የሂግስ ቅንጣት ሲፈለግ የማሽን ትምህርት ከእልፍ አእላፍ ግጭቶች ፍሬውን ከገለባው ለይቷል። ሰፌድነቱን የሚነቅፍ የለም። ምን እንደሚፈለግ ግን የነገሩት ሰዎች ናቸው፤ ሐሳቡም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በወረቀት ላይ ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ የልጆቻችን ነገር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ሙሉጌታ በቀለ በደርግ እስር ቤት አብረዋቸው ለታሰሩት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ትምህርቱ ከራሳቸው ጋር ስለነበር የሚነጥቃቸው አልተገኘም። ዛሬ ግን መጪው ዘመን የማሽኑ ነው እያልን ተማሪውን ከቀመር ማውጣት ድካም ስንገላግለው፣ ያችን 43 ሰከንድ አይቶ የሚደነግጥ ዓይን ከየት ሊመጣ ነው?

ከመካነ ሰላም እስከ አዲስ አበባ ያሉ መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ ፕሮጀክተሩን አጥፉና ለተማሪው ጠመኔ ስጡት። የመጀመሪያዋን ቀመር ከየት እንዳመጣት ሰሌዳው ላይ ይጻፍ።