«የጉበት ካንሰርን የሚያጠፋው ቫይታሚን»፦ ቪዲዮዎቹ የማይነግሩን ግማሽ

«ሳይንቲስቶች አረጋገጡ! ይሄ ቫይታሚን የጉበት ካንሰርን ያጠፋል!» የሚሉ ቪዲዮዎች በየጊዜው ፊታችን ላይ ይመጣሉ። ከሥር ዋጋና ስልክ ቁጥር አለ። «እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ።

«ውሸት ነው» ብለን ብናልፈው ቀላል ነበር። ግን አንዳንዴ የሚጠቀሰው ጥናት እውነትም አለ። ችግሩ ታሪኩ ግማሽ ላይ መቆረጡ ነው። ለምሳሌ የቫይታሚን ኬ2ን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንየው።

🔹 40 ሴቶች

ጃፓን ውስጥ ቫይታሚን ኬ2 አጥንታቸው ለሚሳሳባቸው ሰዎች በሐኪም ይታዘዛል። የኦሳካ ተመራማሪዎች በሄፓታይተስ ቫይረስ ምክንያት ጉበታቸው ጠባሳ የያዘ 40 ሴቶችን ለሁለት ከፈሉ። 21ዱ በየቀኑ 45 ሚሊግራም ኬ2 ወሰዱ፣ 19ኙ ምንም አልተሰጣቸውም። የተፈለገው አጥንታቸውን መጠበቅ ነበር፤ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ሐሳብ ውስጥም አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ። ካልወሰዱት 19 ሴቶች 9ኙ የጉበት ካንሰር ያዛቸው። ከወሰዱት 21 ግን 2 ብቻ! ውጤቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሞ ብዙ ተወራለት።

ነገሩ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ጉበት ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ፕሮቲን ሲሠራ ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል። የጉበት ካንሰር ሴሎች ብዙ ጊዜ ይሄን ፕሮቲን ጎዶሎ አድርገው ነው የሚያመርቱት። ላብራቶሪ ውስጥም ኬ2 የካንሰር ሴሎችን እድገት ሲያዘገይ ታይቷል።

ሻጮቹ እዚህ ጋ ነው የሚያቆሙት።

🔹 548 ሰዎች

ተመራማሪዎቹ ግን አላቆሙም። 40 ሰው ትንሽ ነው፤ ጥቂት ሰው ላይ የተለየ ነገር ቢያጋጥም ውጤቱ በሙሉ ይቀየራል። በዚያ ላይ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ባዶ እንክብል አልተሰጠም።

ስለዚህ እዚያው ጃፓን ትልቅ ሙከራ ተደረገ። የጉበት ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና ወይም በሙቀት የተወገደላቸው 548 ታካሚዎች ለሦስት ተከፈሉ፦ ባዶ እንክብል፣ 45 ሚሊግራም እና 90 ሚሊግራም። ማን ምን እንደሚወስድ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቅም።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር። ኬ2 ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይመጣ አላደረገም። መጠኑን እጥፍ ማድረግም ለውጥ አላመጣም። ሙከራው እንዲቋረጥ ተደረገ።

የሁለቱ ጥናቶች ጥያቄ ትንሽ ይለያያል፤ የመጀመሪያው ካንሰር ገና ያልያዛቸውን፣ ሁለተኛው ይዟቸው የታከሙትን ነው ያየው። ቢሆንም «ኬ2 የጉበት ካንሰርን ያድናል» የሚል ሰው ከሁለቱም ማስረጃ አያገኝም።

🔹 «ባይጠቅምም አይጎዳም» እንበል?

አንበል። የምንውጠውን ነገር የሚያጣራው ራሱ ጉበት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከእርድ እንክብል ጋር በተያያዘ ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን መዝግቧል፤ 5ቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ አንዱ ሞቷል። ይሄ ወጥ ላይ የምንጨምረው እርድ አይደለም፤ ተጨምቆ፣ ብዙ ጊዜም ከቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ሰውነት በብዛት እንዲወስደው የተሠራ ነው። ቫይታሚን ኬም ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ሥራ ያበላሻል።

«ተፈጥሯዊ ነው» ማለትም ዋስትና አይሆንም። ትግራይ ውስጥ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ ብዙ ሰው የጎዳውን የጉበት በሽታ ተመራማሪዎች ያያያዙት ከእህል ጋር ከተቀላቀለ የአረም መርዝ ጋር ነው።

🔹 እኛን የሚመለከተው

እኛ አገር ጉበት ታመመ ሲባል ብዙ ጊዜ ከጀርባው ሄፓታይተስ ቢ አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ደረጃ 254 ሚሊዮን ሰው ከቫይረሱ ጋር ይኖር እንደነበር የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ይቆይና ወደ ጠባሳ፣ ከዚያም ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል የሚጨመቅለት ሰውም ይሄው ቫይረስ ሊኖርበት ይችላል።

እዚህ ላይ በትልልቅ ጥናት የተረጋገጠ ነገር አለ። ክትባቱ ቫይረሱን ይከላከላል። ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ እንደ ቴኖፎቪር ያለ በቀን አንድ ክኒን የካንሰር ስጋትን ይቀንሳል። ክትባቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን ሕፃን ሆነን አላገኘነውም ማለት ነው። በደም ምርመራ ግን ማወቅ ይቻላል።

ቀጣዩ ቪዲዮ ሲመጣባችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተሞከረው ሰው ላይ ነው ወይስ ሴል ላይ? ስንት ሰው ላይ? ከዚያ በኋላ የተደረገው ትልቅ ሙከራ ምን አለ?

ሄፓታይተስ ያለባት እህት ወይም የታመመ አባት ካላችሁ ደግሞ ለእንክብሉ ልታወጡት የነበረውን ብር መጀመሪያ ለምርመራና ለክትትል አድርጉት። እየወሰዱት ያለ ነገር ካለም ሐኪማቸው ይወቀው።